ረባሽ ነው ወይስ ታሟል? የልጆች የስኳር ሕመምና የትኩረት ማነስ ችግር የሚለዩባቸው ምልክቶች

ክፍል ውስጥ ረግቶ መቀመጥ ያቃተው፣ የተባለውን ወዲያው የሚረሳ፣ በየመካከሉ እጁን እያወጣ ‹‹ልውጣ›› የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ ‹‹ረባሽ›› ወይም ‹‹ሰነፍ›› የሚል ስም ይወጣለታል። ስሙ አንዴ ከወጣለት በኋላ ሌላ ምክንያት የሚፈልግለት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከዚህ ጠባይ ጀርባ ግን እጅግ የተለያዩ ሁለት የጤና ችግሮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው ከልጁ ጋር አብሮ የሚያድግ፣ ለዓመታት የሚዘልቅ፣ በድጋፍና በትዕግሥት የሚያዝ የትኩረት ማነስ ችግር ነው። ሁለተኛው ካልታከመ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በቀናት ውስጥ ሕይወት የሚቀጥፍ የስኳር ሕመም ነው። የመጀመሪያውን አጣርቶ ለማወቅ ወራት ቢወስድ ልጁ አይሞትም፤ ሁለተኛው የተጠረጠረበት ልጅ ግን ሳይመረመር ማደር የለበትም።

በሕክምናው ኤ ዲ ኤች ዲ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ነው። ዓለም አቀፍ ጥናቶች ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ እንዳለባቸው ይገምታሉ። በዘር የመተላለፍ ዝንባሌው ከፍተኛ ሲሆን፣ የአስተዳደግ ጉድለት ወይም የጠባይ ብልሹነት ያመጣው አይደለም። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ደግሞ የሰውነት የመከላከል ኃይል ተሳስቶ ጣፊያን ሳይሆን ቆሽትን፣ በተለይም ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም የሚያመርቱትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚከሰት ነው። ኢንሱሊን ከሌለ ከምግብ የተገኘው ስኳር ወደ ሕዋሳት ሳይገባ በደም ውስጥ ይከማቻል። ልጁ እየበላ ይራባል፤ ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሰውነቱ ግን ጉልበት ያጣል።

ሁለቱ የሚምታቱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጉልበት ያጣ ሰውነት ትኩረት የለውም። የደም ስኳሩ የናረ ልጅ ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ዓይኑ ብዥ ስለሚልበት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አጥርቶ አያይም፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ስለሚያድር ቀን ያንቀላፋል። ሽንቱ አላስቀምጥ ስለሚለው ከመቀመጫው ይነሳል፤ ውሃ ፍለጋም ይወጣል። መምህሩ የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው፤ የማይሰማና የማይቀመጥ ተማሪ።

ጊዜው ምን ይናገራል?

ሁለቱን ለመለየት የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ልጁ እንዲህ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?›› የሚለው ነው። የትኩረት ማነስ ችግር ድንገት አይመጣም። እናቱ ስትጠየቅ ‹‹ድሮም ልጅነቱን እንዲሁ ነበር፤ ከእግሩ እሾህ እስከሚወጣ እንኳ አይቀመጥም›› ዓይነት መልስ ትሰጣለች። በሕክምና መስፈርቱም ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ ለስድስት ወራት የዘለቁ እና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ማለትም በትምህርት ቤትም በቤትም የሚታዩ መሆን አለባቸው። በላስታ ገጠር ይህን ማየት አያስቸግርም። ልጁ ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከብት ሲጠብቅም ሐሳቡ እየተወሰደ ከብቶቹ አዝመራ ውስጥ ይገቡበታል፤ ዕቃ እንዲያመጣ ተልኮ መንገድ ላይ የተላከበትን ይረሳል፤ ተራውን መጠበቅ ስለማይሆንለት ከእኩዮቹ ጋር ይጣላል። ደስ በሚለው ጨዋታ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ሊመሰጥ ይችላል። ይህ መመሰጥ ‹‹ሲፈልግማ ይችላል›› አሰኝቶ ብዙ ልጆችን ለቅጣት ዳርጓል፤ ሆኖም ራሱ የችግሩ አንዱ ገጽታ እንጂ የእልኸኝነት ማስረጃ አይደለም። በሌላ በኩል የማይቀበጠብጡ፣ ዝም ብለው በሐሳብ የሚነጉዱ ልጆችም አሉ፤ በተለይ ልጃገረዶች በዚህ መልኩ ሳይታወቁ ያልፋሉ።

የስኳር ሕመም ታሪኩ ሌላ ነው። ‹‹እስከ ጥምቀት ድረስ ደህና ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ነው የተለወጠው›› የሚባል ልጅ ለውጡን ያመጣው ጠባዩ እንደሆነ ከመደምደም በፊት መመርመር አለበት። ጎበዝ የነበረ ተማሪ በአንድ ወር ውስጥ ደብተሩን መያዝ ሲያቅተው፣ ሯጭ የነበረው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን አቀበት አርፎ አርፎ ሲወጣ ነገሩ የሰውነት ጉዳይ ነው።

ሰውነት የሚሰጠው ምስክርነት

የትኩረት ማነስ ችግር ልጅን አያከሳም፣ ውሃ አያስጠማም፣ ሽንት አያበዛም። ልዩነቱን ከሁሉ በላይ የሚያጎላው ይህ ነው። የስኳር ሕመም የያዘው ልጅ ደጋግሞ ይሸናል፤ ይህም ሌሊትንም ይጨምራል። የወጣውን ፈሳሽ ለመተካት ውሃ ይጠጣል፤ ጠጥቶም አይረካም። በአግባቡ፣ እንዲያውም ከወትሮው አብልጦ እየበላ ይከሳል። ልብሱ ይሰፋዋል፣ ቀበቶው ይጠብቃል፣ የጉንጩ አጥንት ይወጣል።

ከእነዚህ መካከል ቤተሰብ ቶሎ ሊያየው የሚችለው፣ ግን በኀፍረት የሚደበቀው ምልክት ምኝታ ላይ መሽናት ነው። ትንሽ ልጅ ምኝታውን ቢያረጥብ የተለመደ ነው። ለዓመታት ደረቅ ሆኖ ያደረ የስምንት ወይም የዐሥር ዓመት ልጅ እንደገና ማርጠብ ሲጀምር ግን ሊገረፍ ሳይሆን ሊመረመር ይገባዋል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከበላይዋ ያሉት የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያም የበለጠ ብርዳማ ናቸው። በብርድ ሽንት መብዛቱ የታወቀ በመሆኑ ‹‹ብርድ መትቶት ነው›› ብሎ መተው በደጋው ይቀላል። ማመዛዘኛው ውሃ ጥሙ ነው፤ ብርድ ሽንት ቢያበዛ እንኳ ልጅን ሌሊት ቀስቅሶ ከእንስራ አያስቀዳም። ጉንዳን በሽንት ላይ ሲሰበሰብ ያዩ ሰዎች ስኳርን መጠርጠራቸውም ስሕተት አይደለም፤ የጥንት የሕንድ ሐኪሞች ይህን አስተውለው ጽፈዋል። ጉንዳን አለመምጣቱ ግን ሕመሙ ለመኖሩም ሆነ ላለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሕመሙ ሳይታወቅ ሲቆይ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስላልቻለ ስብን ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚህም የሚመነጭ አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። በዚህ ደረጃ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን አጥብቆ ያመዋል፣ ትንፋሹ የበሰለ ፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ያመጣል፣ አተነፋፈሱ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፣ ከዚያም ይፈዝዛል፤ ራሱንም ይስታል። ማስመለሱና የሆድ ሕመሙ ለወስፋት፣ ለምች፣ ለታይፎይድ ወይም ለጨጓራ ይሰጥና ውድ ሰዓታት ይባክናሉ። ፈጣን አተነፋፈሱም የሳንባ ምች ይመስላል። የከሳን ልጅ ‹‹ሰው በልቶት ነው›› የሚሉም አይጠፉም። ትውከት ያለበት ልጅ ሁሉ የስኳር ሕመምተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ከትውከቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ውሃ ይጠማው፣ ይሸና፣ ይከሳ የነበረ ከሆነ ግን ቤተሰቡ ይህን ለጤና ባለሙያው ሳይጠየቅ መናገር አለበት። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ምርመራውን ከወባና ከታይፎይድ ወደ ስኳር ልታዞር ትችላለች።

አንድ ጠብታ ደም

የስኳር ሕመምን ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም፣ ግሉኮሜትር በተባለው የእጅ መሣሪያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል። ምልክቶቹ የሚታዩበት ልጅ በማንኛውም ሰዓት ሲለካ የደም ስኳሩ በዴሲ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሌሊቱን ምንም ሳይበላ አድሮ በጠዋት ሲለካ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ነው። ልጁ በግልጽ የታመመ ከሆነ ‹‹ነገ በባዶ ሆድ ተመለሱ›› መባል የለበትም፤ በዚያው ሰዓት መለካት ይበቃል። መሣሪያው ወይም ንባብ ወረቀቱ በጤና ጣቢያው ከሌለ በሽንት ውስጥ ስኳርና ኪቶን የሚያሳየው ወረቀትም ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ ልጁን ወደ ሆስፒታል ለመላክም በቂ ምክንያት ነው።

ለትኩረት ማነስ ችግር ግን የደም ምርመራ የለም፤ የራጅ ምርመራም የለም። የሚታወቀው ከወላጅ፣ ከመምህርና ከልጁ ጋር በሚደረግ ዝርዝር ቃለ መጠይቅ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ቀላሉና ፈጣኑ ምርመራ ቀድሞ፣ ጊዜ የሚወስደው ይከተላል። የስኳሩ ውጤት ጤናማ ከሆነም ወደ ትኩረት ማነስ ከመሻገር በፊት ዓይንና ጆሮ ሊፈተሹ ይገባል። ሰሌዳው የማይታየው ወይም የመምህሩ ድምፅ የማይሰማው ልጅ ትኩረት ያጣ ይመስላል። ቁርስ ሳይበላ ሁለት ሰዓት የሚጓዝ ልጅ፣ ደም ማነስ ያለበት ልጅ፣ ለአፍታ ፍዝዝ የሚያደርግ የሚጥል በሽታ ዓይነት የያዘውም እንዲሁ።

በሰሜን ወሎ ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ምክንያት አለ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላንና ላስታን ሲያዳርስ ልጆች ተፈናቅለዋል፣ ተኩስ ሰምተዋል፣ ትምህርታቸው ተቋርጧል፤ ከዚያ በኋላም ክልሉ ከግጭት አላረፈም። ከባድ ፍርሃት ያሳለፈ ልጅ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፤ ምኝታ ላይ መሽናትም ሊጀምር ይችላል። ይህ በእርግጥም ሁለቱንም ችግሮች ይመስላል። እዚህ ላይ የሚለየው ውሃ ጥሙና ክሳቱ ነው፤ ጥርጣሬ ከቀረ ደግሞ ያችው አንዲት የደም ጠብታ አለች።

የደጋው ስኳር

‹‹ስኳር የከተማና የሀብታም በሽታ ነው›› የሚለው አስተሳሰብ በገጠር ምርመራን ከሚያዘገዩት ነገሮች አንዱ ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ እውነታ ይህን አይደግፍም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው ለበርካታ ዓመታት የገጠር የስኳር ሕመምተኞችን ተከታትለው ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ቀጫጭንና ድሃ አርሶ አደሮች እንደሆኑ አሳይተዋል። ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያቀረቡት ጽሑፍ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና እንዲታይ የጠየቀ ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ባካሄደው ጉባኤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ሕመም ‹‹አምስተኛው ዓይነት›› ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ለላስታ አርሶ አደር የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ልጁ ከረሜላ አለመቅመሱ ከስኳር ሕመም አያድነውም። ጣፋጭ መብላት አንደኛውን ዓይነት የስኳር ሕመም አያመጣም፤ ስኳር የበላ ልጅ ይቀበጠብጣል የሚለውም በጥናት አልተደገፈም።

ሕክምና የጀመረ ልጅ በክፍል ውስጥ

ሁለቱ ችግሮች የሚምታቱት ከምርመራ በፊት ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ምግብ ከዘለለ ወይም ብዙ ከሮጠ የደም ስኳሩ ከልክ በታች፣ ማለትም ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይራባል፤ ከዚያም ይቆጣል፣ ያልተጠየቀውን ይመልሳል፣ ትእዛዝ አይሰማም። ይህን እንደ ድፍረት ቆጥሮ ልጁን ከክፍል አስወጥቶ ብቻውን ማንበርከክ ሊያስገድለው ይችላል። ወዲያውኑ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር መስጠት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው መድገም፣ ሲሻለው ዳቦ ወይም በሶ ማብላት ያስፈልጋል። የላስታ ማር ስመ ጥር ነው፤ በትምህርት ቤቱ ቢሮ አንድ ብልቃጥ ማስቀመጥ ለየትኛውም ወላጅ ኮሚቴ አይከብድም። ራሱን ለሳተ ልጅ ግን በአፉ ምንም ነገር መጋት አይገባም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

የኢንሱሊን አቀማመጥ በደጋው የራሱ ፈተና አለው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ የተከፈተው በቀዝቃዛና ጥላ ባለው ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ወይም መብራት በሚጠፋበት ቤት ውጪው በውሃ የራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጡን ያቀዘቅዛል፤ ብልቃጡ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥበታል። በቆላው ሙቀቱ ሲያሳስብ በደጋው ደግሞ ውርጩ ያሳስባል። የረጋ ኢንሱሊን ቢሟሟም ኃይሉን ስለሚያጣ ይጣላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ብልቃጡን በመስኮት ወይም በደጃፍ ማሳደር አይመከርም።

ጠበልና ጾም በላሊበላ ሕይወት ውስጥ ያላቸው ስፍራ የታወቀ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ልጅ ኢንሱሊኑን ማቋረጥ የለበትም፤ አደጋው ከጠበሉ ሳይሆን ከማቋረጡ ይመጣል። በአንደኛው ዓይነት ሕመም ኢንሱሊን ያቆመ ልጅ በቀናት ውስጥ ወደ መመረዙ ይመለሳል። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ከጾም ነፃ የምታደርግበት ሥርዓት ስላላት ወላጆች ጉዳዩን ለንስሐ አባታቸው ገልጸው መፍትሔ ማግኘት ይችላሉ። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅም በረመዳን በሕመሙ ምክንያት ይፈቀድለታል።

የትኩረት ማነስ ችግር ያለበትን ልጅ በተመለከተ መምህሩ በእጁ ያለው መፍትሔ ከሚታሰበው በላይ ነው። በፊተኛው ወንበር፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ትእዛዝን አንድ በአንድና ባጭሩ መስጠት፣ ሰሌዳ እንዲያጠፋ ወይም ጠመኔ እንዲያመጣ በመላክ በሕጋዊ መንገድ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ፣ መልካም ሲሠራ ወዲያው ማመስገን ይረዳል። ዱላ የአንጎልን አሠራር አይለውጥም። መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፤ የሚታዘዘው ግን በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት እንጂ በግምት አይደለም። ሁለቱም ችግሮች ያሉበት ልጅም ይኖራል፤ መርፌውንና ምግቡን በሰዓቱ ማስታወስ ስለሚያቅተው የቅርብ ክትትል ከማንም በላይ ለእርሱ ያስፈልገዋል።

ጥርጣሬ ያደረበት ቤተሰብ በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ወደ ጤና ጣቢያ ወይም በቀጥታ ወደ ላሊበላ ሆስፒታል መሄድ ይችላል። ከዚያ በላይ ሕክምና የሚያስፈልገው በጋሸና መንገድ ወደ ወልድያ፣ እንደ ሁኔታውም ወደ ደሴ ይላካል። መንገዱ ረጅም የተራራ መንገድ በመሆኑ የሚያስመልስና አተነፋፈሱ የተለወጠ ልጅ የገበያ ቀን መኪና ሊጠበቅለት አይገባም፤ ጤና ጣቢያው አምቡላንስ እንዲጠራና ጉዞው ሳይጀመር ፈሳሽ በደም ሥር እንዲሰጠው መጠየቅ ያስፈልጋል። የክፍል ኃላፊ መምህሩ ለውጡ የታየበትን ጊዜ፣ ልጁ በቀን ስንት ጊዜ ለሽንት እንደሚወጣና ውሃ እንደሚጠጣ በአጭር ወረቀት ጽፎ ከወላጁ ጋር ቢልክ ሐኪሙ የሚጠይቀውን ግማሽ ያህል መልስ ቀድሞ ያገኛል።